ከዋስ ሰው ወደ ዋስትና ወረቀት

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርድ ሹፌር የመኪናውን ልክ የሚያውቀው ሊማሊሞ ላይ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ጠርቦ ያወጣው ይህ መንገድ ከ2,800 ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ ይነሳና እየተጠማዘዘ ቆላ ያደርሳል። ሲወርዱ ፍሬን ይግላል፤ ሲወጡ ሞተር ይፈላል። ሕዝቡ «ኤንትሬ» እያለ የሚጠራው የፊያት ከባድ መኪና ስሙን ያተረፈው እንዲህ ባለ ዳገትና ቁልቁለት ነው።

ከመኪና በፊት በዚህ አገር ውድ መጓጓዣ በቅሎ ነበረች። ገዢ ጥርሷን አይቶ ዕድሜዋን ይገምታል፣ ኮቴዋን ያነሳል፣ አካሄዷን ይመለከታል። ሻጭ ደግሞ ዋስ ይጠራል። በቅሎዋ የስርቆት ሆና ብትገኝ የሚያዘው ስሙና ቀዬው የሚታወቅ ሰው ነው።

መኪና ሲመጣ ዋሱ ወረቀት ሆነ።

ወረቀቱ የተስፋፋው በአሜሪካ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እዚያ መኪና ጠፍቶ ገዢ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ግን ነገሩ ተገለበጠና መኪናው ተርፎ ገዢ የሚለመን ሆነ። ሻጮች ያኔ ዘዴ አበዙ። አንዱ የደንበኛውን አሮጌ መኪና በውድ የሚረከብ መስሎ ልዩነቱን በአዲሱ ዋጋ ላይ ይጭናል። ሌላው ዝቅተኛ ዋጋ ጠርቶ ሰውየውን ካስመጣ በኋላ፣ ፊርማ ላይ ሲደርስ «አለቃዬ አልተስማማም» ብሎ ይጨምራል። በ1958 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ፋብሪካው የተመነው ዋጋ በአዲስ መኪና መስታወት ላይ እንዲለጠፍ ያስገደደው ለዚህ ነው።

ዋስትናውም ቢሆን ጠባብ ነበር፤ 90 ቀን ወይም 4,000 ማይል፣ ቀድሞ በሞላው። ይህ በኪሎ ሜትር 6,400 ገደማ ነው። በኢትዮጵያ መንገድ ሲሰላ፣ ከአዲስ አበባ ጎንደር አራት ጊዜ ደርሶ መልስ የሄደ የጭነት መኪና አምስተኛው ጉዞ ላይ ዋስትናው ያልቅበታል። ዘጠናው ቀንም ከአንድ ክረምት አይበልጥም።

የኒው ጀርሲዎቹ ባልና ሚስት ሄኒንግሰን ግን ያን ያህል እንኳ አልነዱም። በግንቦት 1955 እ.ኤ.አ. የገዙት ፕሊማውዝ 468 ማይል ሄዶ፣ ሚስትየው ይዛው ሳለ መሪው ከድቷት ከግንብ ጋር ተላተመ። ሻጩና የፕሊማውዝ አምራች ክራይስለር በትእዛዝ ቅጹ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የታተመውን አንቀጽ አሳዩ፤ ግዴታቸው የተበላሸ ዕቃ መቀየር ብቻ ነው የሚል ነበር። የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በግንቦት 9 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ይህ ገደብ የሕዝብን ጥቅም ይጻረራል ሲል ውድቅ አደረገው።

ከዚያ ፍርድ አራት ቀን ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. (ግንቦት 5 ቀን 1960 እ.ኤ.አ.)፣ የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ታውጆ ነበር። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሕጉ ሻጭ የሚሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር እንዲስማማና ከጉድለት የጸዳ እንዲሆን ዋስ ያደርገዋል። ተዋዋዮች ይህን ዋስትና በውል ማጥበብ ይችላሉ፤ ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ ደብቆ ከሆነ ግን ውሉ አያድነውም። ገዢም ዕቃውን በጊዜ መርምሮ ጉድለቱን ማሳወቅ፣ ካሳወቀ በኋላም በአንድ ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት።

ዛሪማ ላይ ይህን መብት መጠቀም ቀላል አይደለም። ጎንደር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ አዲስ መኪና የሚሸጡት ድርጅቶች ደግሞ ዋና መሥሪያ ቤታቸው አዲስ አበባ ነው። ሊማሊሞ ላይ ባሌስትራ የተሰበረበት ባለመኪና በመጀመሪያ የሚፈልገው ጠበቃ ሳይሆን መካኒክና መለዋወጫ ነው። በዚህ በኩል ፊያት ብልጫ ነበረው። ጣሊያኖች ከሄዱ በኋላም የእነሱን ሞተር ፈትቶ የሚገጥም ባለሙያ በአስመራና በየከተማው ጋራዥ ቀርቷል።

የአሜሪካ ፋብሪካዎች በበኩላቸው ዋስትናውን ራሱን የመሸጫ ዘዴ አደረጉት። ፎርድ ለ1961 እ.ኤ.አ. ሞዴሎቹ 12 ወር ወይም 12,000 ማይል ሰጠ። ክራይስለር በ1963 እ.ኤ.አ. ሞዴሎቹ ለሞተርና ለካምቢዮ 5 ዓመት ወይም 50,000 ማይል አለ። ፊያት ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ገበያ በሌላ መንገድ ቀረበ፤ በ1970 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው አምቼ በተባለ የመኪና መገጣጠሚያ ድርጅት በኩል የጭነት መኪኖቹ አዲስ አበባ ውስጥ መገጣጠም ጀመሩ።