የጀንዳው ቤት

ሐዋርያ የሚለው ቃል ሖረ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ስለ ሆነ በመሠረቱ ሂያጅ፣ መንገደኛ ማለት ነው፤ ሚሲዮናዊ የሚለውም የላቲን ቃል የተላከ ማለት ነውና መልእክተኛ ብንለው አንሳሳትም። ነገር ግን በጎንደር አገር ስለ ነበሩት የወንጌል መልእክተኞች የተጻፈውን ታሪክ ስናነብ አብዝተን የምናገኘው የንጉሡን ቍጣ፣ የጋፋትን መድፍና የመቅደላን ሰንሰለት ነው እንጂ፣ ለቤታቸው እህል ማን እንደ ሸመተ፣ ውኃ ማን እንደ ቀዳ፣ ደብዳቤያቸው በማን እጅ ወደ ባሕር እንደ ወረደ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። እኔ ግን የዚያ ዘመን ተልእኮ የቆመው በዚህ በጥቃቅኑ ጉዳይ ላይ ነበረ ብዬ ስለማምን፣ በደምብያ ጀንዳ በተባለው መንደር ስለ ኖሩት ስለ ማርቲን ፍላድና ስለ ሚስቱ ስለ ፓውሊና መጻፍ ወደድሁ። ዘመኑን የምቈጥረው ካልገለጽሁ በቀር በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ከነሱ በፊት የመጡት ኑሯቸው ምን ያህል መራራ እንደ ነበረ አስቀድሞ ማስታወስ ይገባል። ስዊሳዊው ሳሙኤል ጎባ በ1830 ጎንደር ሲገባ ብቻውን ነበረ፤ ከእጨጌ ፊልጶስና ከሊቃውንቱ ጋራ ስለ ሃይማኖት እየተነጋገረ ጥቂት ወራት ተቀምጦ ሄደ፤ ኋላ ሚስቱን ማርያን ይዞ ቢመለስም በዓድዋ ሕመም አልጋ ላይ ስለ ጣለው ጎንደርን ዳግመኛ ሳያይ በ1836 አገሩን ለቀቀ። ዮሐን ክራፕፍና ሚስቱ ሮዚና ደግሞ በ1843 ከምጽዋ ወደ ደጋው ሊወጡ ሲሞክሩ በሾሆ በረሃ ሴት ልጅ ያለ ቀኗ ተወልዳ ሞተችባቸው፤ ስሟንም በአማርኛ እንባ ብለው አጠመቋት። እነዚያ ወላጆች ኀዘናቸውን በእኛ ቋንቋ መሰየማቸው ከብዙ የስብከት መጽሐፍ ይልቅ ልቤን ይነካዋል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በሰሜን በደረስጌ ማርያም በነገሡበት በ1855 ክራፕፍ ወጣቱን ፍላድን አስከትሎ ወደ ንጉሡ መጣ። አሳቡ በባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ቤት ግብረ እድ የተማሩ ወንድሞችን፣ አናጢውን፣ ግንበኛውን፣ አንጥረኛውን አምጥቶ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ እንዳስተማረ፣ በእጃቸው ሥራ እየኖሩ ወንጌልን እንዲያስተምሩ ነበረ። ንጉሡም የሚሹት ባለ እጅ ነበረና ደስ አላቸው። ጳጳሱ አቡነ ሰላማ በልጅነታቸው በካይሮ በእንግሊዞች ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማሩ ስለ ነበሩ በጠላትነት አልተቀበሏቸውም፤ ሆኖም ከቤተ እስራኤል ወገን የሚያምን ሰው ቢገኝ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ይጠመቅ እንጂ አዲስ ማኅበር አይቋቋም የሚል ትእዛዝ ተሰጠ። ፓውሊና ኬለር ከፍላድ ጋራ የተጋባችው ከዚህ ጥቂት ዓመት በኋላ ነው። ቀድሞ በኢየሩሳሌም ከካይዘርስቬርት በመጡት የጀርመን ዲያቆናውያት ቤት ታገለግል ነበረና፣ በሽተኛን ማስታመምና ልጆችን ማስተማር የተማረች ሴት ነበረች። በ1860 ሄንሪ ስተርን ከለንደን የአይሁድ ሚሲዮን ማኅበር ተልኮ ሲመጣ ለቤተ እስራኤል የሚሆነው የሚሲዮን ሰፈር ጀንዳ ላይ ተተከለ።

ደምብያ ከጎንደር በታች እስከ ጣና ዳር የተዘረጋ፣ ጥቁር አፈሩ እህልን አብዝቶ የሚሰጥ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ግን ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሲቋጥር ነዳዱ ሰውን የሚፈጅበት ምድር ነው። በዚህ አገር ቤት ያቆመ ፈረንጅ ከሁሉ በፊት መማር የነበረበት የገበያን ሥርዓት ነው። በእጁ ያለው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነው፤ ሻጩም ብሩን ተቀብሎ በንግሥቲቱ ዘውድና ትከሻ ላይ ያሉትን የፈርጥ ነጥቦች ሳይቈጥር፣ መልኳ ፈዝዞ እንደ ሆነ ሳይመረምር እሺ አይልም። ብሩ ደግሞ ለዶሮና ለቅቤ፣ ለበርበሬና ለጌሾ ስለሚበዛ በአሞሌ መመንዘር ነበረበት፤ አሞሌውም ከአፋር የጨው ምድር በራቀ ቍጥር እየተወደደ፣ በነጋዴው መምጣትና መቅረት ዋጋው ከሳምንት ሳምንት እየተለዋወጠ ይሄድ ነበር። ጨው ነውና ክረምት ሲሆን እርጥበት እንዳያሟሟው ከምድጃ በላይ ጢስ ላይ መስቀል የባልትና ዕውቀት ነበረ። ዛሬ ገንዘብን በባንክ የሚያስቀምጥ ሰው፣ ሀብቱ ዝናብ የሚፈራ፣ በየሳምንቱ እየታየ የሚገለበጥ እንደ ነበረ ማሰብ ይቸግረዋል።

ከገበያው ቀጥሎ የወፍጮው ጉዳይ አለ። እንጀራ የሚበላ ቤት ሁሉ ገና ሌሊቱ ሳይነጋ ወፍጮ ላይ የምታጎነብስ ሴት ያስፈልገዋል፤ ውኃ በእንስራ የምትቀዳ፣ እንጨት የሚሰብር፣ በቅሎ የሚጭን፣ ደብዳቤ የሚያደርስ ሰውም ያስፈልገዋል። በዚህ ምክንያት አንድ የሚሲዮን ባልና ሚስት ብቻቸውን የኖሩበት ቀን የለም፤ ቤታቸው የብዙ ሰው ቤት ነበረ። የማብሰያው ጢስም ምስጢር አልነበረም፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ሑዳዴና ፍልሰታ ከቤታቸው ምን እንደሚበላ ጎረቤቱ ሁሉ ያያል። የፕሮቴስታንትን ሃይማኖት የያዘ ፈረንጅ በካህናቱ ዘንድ ጸረ ማርያም ይባል ነበርና፣ በጾም ቀን ከምድጃቸው የሚወጣው የሥጋ ሽታ ከመጽሐፋቸው አስቀድሞ ይመሰክርባቸው ነበር ማለት ነው። ይህን ሸክም ይልቁን የተሸከመችው ወጥ ቤቱን የምታዝዘው ሴት እንደ ሆነች ግልጽ ነው።

ሊያስተምሯቸው የመጡላቸው ቤተ እስራኤል ደግሞ፣ በዚያ ዘመን ፈላሻ ይባሉ የነበሩት፣ የራሳቸው ጥብቅ ሥርዓት ነበራቸው። አገሩ ያለ እነሱ እጅ አይኖርም፤ ማረሻውን የሚቀጠቅጠው፣ ሸማውን የሚሸምነው፣ ግንቡን የሚገነባው ወንዱ ነው፤ ምጣዱንና ገንቦውን የምትሠራው ሴቲቱ ናት። ነገር ግን ከወገናቸው ያልሆነ ሰው እንዳይነካቸው አትንኩኝ የሚባለውን ሕግ ስለሚጠብቁ፣ አንድ ምጣድ ለመግዛት እንኳ ከእጅ ወደ እጅ ሳይቀባበሉ፣ ዋጋውን ውኃ ባለበት ዕቃ ውስጥ ጣል አድርጎ መለያየት የተለመደ ነበረ። አሳብን ከሰው ልብ ለማድረስ የመጣ ሰው እጁን እንኳ ወደ ሰው እጅ ማድረስ በማይችልበት አገር ምን ያህል መታገሥ እንደ ነበረበት ከዚህ መገመት ይቻላል። ቅዳሜን መስጊድ በሚሉት የጸሎት ቤታቸው ያሳልፋሉ፣ እሳት አያነዱም፣ መንገድ አይሄዱም፤ እሑድ ደግሞ ክርስቲያኑ ያርፋል፤ እንግዲህ ለመጠያየቅና ለመማማር የሚቀረው የሥራ ቀን ነው። በሥራ ቀንም ሸማኔው ከጉድጓዱ፣ ቀጥቃጩ ከወናፉ ሳይነሣ ነበር የሚያነጋግረው።

የፍላድ ትልቁ መሣሪያ አባ አብርሃም በካይሮ የተረጐመውና በ1840 በሙሉ የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነበረ። የቤተ እስራኤል ካህናት ኦሪትን የሚያነቡት እንደ ክርስቲያኑ ካህን በግእዝ ስለ ነበረ፣ ሕዝቡ የሙሴን ቃል በሚናገርበት አፍ ሲሰማ እንደ ተደነቀ መልእክተኞቹ ጽፈዋል። ይህም ከነሱ ሥራ ሁሉ ዘላቂው ይመስለኛል። ነገር ግን ወዲያው በአገሩ መከፋፈልን አመጣ፤ በ1862 መነኵሴው አባ መሐሪ ሕዝቡን ወደ ተስፋይቱ ምድር አደርሳለሁ ብሎ ወደ ሰሜን ሲያስነሣ በመንገድ ብዙ ነፍስ የጠፋው በዚሁ ጭንቀት ዘመን ነበረ፤ የሚሲዮኑ መምጣት ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን መካድ አይገባም።

ደብዳቤ የሚሄደው በምጽዋ ወይም በመተማ ነው። በክረምት ተከዜ ስለሚሞላ የምጽዋው ይዘጋል፤ ክረምቱ ሲወጣ በመተማው ቆላ ነዳድ ይነግሣል፤ ስለዚህ መልስ ለማግኘት ወራት መጠበቅ ግድ ነበረ። በዚህ ጥበቃ ውስጥ መልእክተኞቹ የዕለት ማስታወሻ መጻፍ ልማዳቸው ነበረ፤ ታላቁንም መከራ ያመጣው ይኸው ልማድ ሆነ። በ1863 መጨረሻ ስተርን በጎንደር ሲያዝ፣ ሁለት አሽከሮቹ ተደብድበው ሲሞቱ፣ በኋላም የእርሱና የጓደኛው የሮዘንታል ወረቀት ተፈትሾ ሲተረጐም፣ በ1862 ካሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ንጉሡ እናት ኮሶ መሸጥ የሚናገረው ቃል ሲገኝ፣ በመብራት ሥር በጸጥታ የተጻፈው ሁሉ በአደባባይ ክስ ሆኖ ቆመ። እነዚያ ሁለት አሽከሮች የጌታቸውን ጉዳይ ከማድረስ በቀር በደል አልነበረባቸውም።

ንጉሡ በጋፋት መድፍ በሚሠሩላቸው ባለ እጆች ላይ እምነት ነበራቸው፤ ከነሱ አንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር የእንግሊዛዊው የዮሐንስ ቤልን ልጅ ሱዛናን፣ እናቷ ኢትዮጵያዊት የሆነችውን፣ ስላገባ የባዕድና የአገር ልጅ በአንድ ማዕድ የተቀመጠበት ቤት ነበረው። የጀንዳው ቤት ግን ተፈታ። በሚያዝያ 1866 ዐፄ ቴዎድሮስ ከጣና ዳር ፍላድን ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ይዞ ባለ እጆችንና መኪናዎችን እንዲያመጣ ወደ ለንደን ሲልኩት ሚስቱና ልጆቹ መያዣ ሆነው ቀሩ። ወንጌልን ሊያደርስ የተላከው ሰው የንጉሥ ደብዳቤ አድራሽ ሆነ። የእርሱን መንገድ ብዙዎች ጽፈውታል። እኔ ግን አሳቤ የሚያርፈው በቀረችው ላይ ነው፤ ንጉሡ በዚያው ዓመት መጨረሻ ጎንደርን ሲያቃጥሉ፣ የአብያተ ክርስቲያኑ መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ሲጫኑ፣ ባሏ ይመለስ አይመለስ ሳታውቅ ልጆቿን በሰው አገር ያቆየች እርሷ ናት። ፍላድ በ1867 ተመለሰ፤ ባለ እጆቹ ግን ከምጽዋ አልወጡም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓመተ ምሕረት በፋሲካ ማግሥት መቅደላ ስትወድቅ ባልና ሚስቱ ከነልጆቻቸው ከእንግሊዝ ጦር ጋራ አገሩን ለቀቁ።

ዐፄ ዮሐንስ የባዕድ ሰባኪ ወደ ደጋው እንዲወጣ አልፈቀዱም። ስለዚህ የደምብያውን ሥራ የያዘው ፍላድ ከልጅነቱ ያሳደገው፣ በክሪሾና የተማረው ሚካኤል አረጋዊ ነበረ፤ እርሱም እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1931 ድረስ ከሃምሳ ዓመት በላይ ደከመበት። ፍላድ በ1880 ከምጽዋ አጠገብ እስከ ሞንኩሉ ድረስ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ የማይታለፍ ስለ ነበረ ተቀመጠ፤ የደምብያ ልጆች ግን ተከዜን ተሻግረው፣ የትግራይን ደጋ አልፈው ወደ ባሕሩ ወረዱለት፤ የወገኖቻቸውን ደኅንነት ነገሩት፣ የሥራቸውን ሒሳብ አስረከቡት፤ የአማርኛውን መጽሐፍ በበቅሎ ጭነው መንገዱ ሳይዘጋ ዳገቱን ተመልሰው ወጡት።