የቀልድ ዘፈን ከማሲንቆ እስከ ጠዋት ራዲዮ

በጠዋት የራዲዮ ዝግጅት የሚሰማው የቀልድ ዘፈን፣ ማለትም የሰውን ጠባይና የዕለት ኑሮን በዜማ እያሳቀ የሚነካው አጭር ሥራ፣ ሥሩ የሚገኘው ከራዲዮ በፊት በነበረው የአዝማሪ ሙያ ነው፤ አዝማሪ ማሲንቆ እየመታ እዚያው ግጥም የሚያወጣ ዘፋኝ ሲሆን፣ ስንኙን ከታዳሚው አፍ ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። የአዲስ አበባ ራዲዮ ጣቢያ በተመረቀበት በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበርም ተመሠረተ፤ ኢዩኤል ዮሐንስን የመሰሉ ደራሲያን ከጣሊያን ወረራ ነፃ ከተወጣ በኋላ በማኅበሩ መድረክ ድራማን፣ ዘፈንንና ሣቅን አንድ ላይ አቀረቡ። በኋላም ኮሜዲያኑ አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ በጥምረት የሠሯቸው ቀልዶች በየቤቱ ገቡ። የራዲዮ ጣቢያዎቹ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992፣ ሸገር 102.1 ደግሞ በ2000 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምሩ፣ ስልክ የሚደውል አድማጭ የአዝማሪውን ታዳሚ ቦታ ያዘ፤ የአዘጋጁ ትልቁ ችሎታም የተነገረውን ወዲያው ወደ ሣቅ መመለስ ሆነ።

በካፋ ዞን፣ በቡና ጫካዋ በምትታወቀው በማንኪራ አካባቢ ግን የራዲዮ ቀልድ ጉዳይ የመልክዓ ምድርም ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ኮረብታ ያግደዋል፤ አጭር ሞገድ ግን ከከባቢ አየር የላይኛው ክፍል እየነጠረ ሩቅ ስለሚደርስ፣ የመሀል አገሩ ድምፅ ቀድሞ ተሰማ፤ ይሁንና ቀልድ ከቋንቋው ሲለይ ለዛውን ያጣል። ስለዚህ በዞኑ ከተማ በቦንጋ የቦንጋ ኤፍ ኤም 97.4 መከፈት ለካፊ ኖኖ፣ ማለትም ለካፋ ሕዝብ ቋንቋ፣ ትልቅ ትርጉም አለው።