ቴምብር
ቴምብር ከፈረንሳይኛ የተወረሰ ቃል ነው፤ በአማርኛ የፖስታውም የቀረጡም መጠሪያ ሆኗል። በሰነድ ላይ የሚለጠፈው የቀረጡ ነው። የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110/1990 ውልን፣ ውክልናንና የንብረት ስም ዝውውርን ቀረጥ ከሚከፈልባቸው ሰነዶች መካከል ይቆጥራቸዋል።

ዳግም እንዳያገለግል ፊርማው ወይም ማኅተሙ ከፊሉ በቴምብሩ፣ ከፊሉ በወረቀቱ ላይ ያርፋል። የፖስታ ቴምብር ሰብሳቢ በውኃ አርሶ ማላቀቅ ልማዱ ነው፤ የቀረጡን ቴምብር እንዲህ ማድረግ ግን ትልቅ ጥፋት ነው። በአዲስ አበባ፣ በየካ ነባር ቤቶች ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ የድሮ የቤት ሽያጭ ውል ቴምብሩ ከተላጠ፣ ማኅተሙ ለሁለት ይከፈላል፤ ቀኑ፣ የተዋዋዮቹ ስምና የምስክሮቹ አሻራ በወረቀቱ ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ ቴምብሩ ከነሰነዱ፣ ሳይታጠፍ ይቀመጣል። በተለይ ወደ እንጦጦ ግርጌ የክረምቱ እርጥበት ሙጫውን ስለሚያላላ፣ ደረቅ ቦታ ያስፈልገዋል።