ከመስቀል ወፍ የቀደመችው

በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ የሚጠፋን ዘመድ «የመስቀል ወፍ» እንለዋለን። አባባሉ ወቀሳም ናፍቆትም አለበት። መስከረም ጠብቶ አደይ አበባ መስኩን ሲያለብሰው፣ ያቺ ቀለሟ የሚያምር ወፍ ከየት መጣች ሳትባል በማሳው ዳር ትታያለች፤ ወቅቱ ሲያልፍ የት ገባች ሳትባል ትሰወራለች። የአዕዋፍ አጥኚዎች ግን ሌላ ነገር ይነግሩናል። በዚህ ስም የምንጠራቸው ወፎች ብዙዎቹ የትም አይሄዱም። ወንዱ ለመራቢያ ወራት የለበሰውን ደማቅ ላባ በበጋ ይጥልና እንደ ሴቷ ደብዛዛ ቡናማ ሆኖ በአጠገባችን ይከርማል። እንግዲህ የጠፋው ወፉ ሳይሆን የእኛ ዓይን ነው ማለት ነው።

ይህ ነገር ትዝ ያለኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥቅምት አጋማሽ፣ በአምቦ መንገድ ወጥቼ በአዲስ ዓለም አካባቢ በርጋ ወንዝ ዳር በቆምኩ ጊዜ ነው። የሄድኩት የውሃ ወፎችን ለማየት ነበር። በተለይም አንዲት ስሟ ከአገር አገር የተጠራ፣ መልኳን ግን ጥቂት ሰው ብቻ ያየ ትንሽ ወፍ ነበረች በልቤ። በሜዳው ዳር የታጨደ ሣር ሲከምሩ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት የመጣሁበትን ጉዳይ ሰምተው ፈገግ አሉ።

«ዘግይተሃል ልጄ፤ ያቺ በክረምት ናት። አሁን ያለው ሣር ነው» አሉኝ።

«ታዲያ ወፏን እናንተ ናችሁ የምትጠብቋት፣ አባባ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኛ የምንጠብቀው ሣሩን ነው። እሷ ሣሩ ውስጥ ትኖራለች።»

የእኚህ ሰው መልስ ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ ነገሩን ገለጠልኝ። የዚህች ወፍ ታሪክ ሁለት ነውና። አንደኛው ያዩዋትና የጻፉላት ሰዎች ታሪክ ነው፤ ሁለተኛው ሳይጽፉ ያኖሯት ሰዎች ታሪክ። የመጀመሪያው በየቤተ መዘክሩና በየመጽሔቱ ተቀምጧል። ሁለተኛው ግን ገና በሣር ክምር ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት ስለ ምድሩ ጥቂት እናንሣ። ምዕራብ ሸዋና አዋሳኙ የውሃ ቤት ናቸው። በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ ከ3,300 ሜትር በላይ ከሚወጣው የወንጪ ተራራ አናት ላይ ሆኖ ቁልቁል ለሚያይ ሰው፣ ሐሮ ወንጪ ጥንት እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ጎድጓዳ ውስጥ ተኝቶ፣ በደሴቱ ላይ የቂርቆስን ገዳም አዝሎ ይታየዋል። «ሐሮ» በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው። ከዚህ ሐይቅ የሚወጣው ውሃ በወልጋ ወንዝ በኩል ወደ ኦሞ ይወርዳል። ከጎረቤቱ ከደንዲ የሚነሣው ሁሉቃ አምቦን አቋርጦ በጉደር በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል። በጊንጪ አካባቢ ካሉት ከፍታዎች የሚነሣው አዋሽ ደግሞ በርጋንና ሆለታን የመሳሰሉ ገባሮቹን እየሰበሰበ ወደ ምሥራቅ ይጓዝና፣ ባሕር ሳያይ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በእነዚህ ከፍታዎች ላይ በአንድ ቀን የጣለ ዝናብ ከፊሉ ለሜዲትራኒያን፣ ከፊሉ ለቱርካና፣ ከፊሉም ለአፋር በረሃ ይደርሳል ማለት ነው።

ውሃው ወደየአቅጣጫው ከመሄዱ በፊት ግን በለጥ ባለው ሜዳ ላይ ጥቂት ይተኛል። ይህን ክረምት ውሃ የሚተኛበትን፣ በጋ ሣር የሚታጨድበትን እርጥብ መስክ «ጨፌ» እንለዋለን። ቃሉ ከኦሮምኛ ጋር የጋራችን ነው። የገዳ ጉባኤ የሚቀመጠው በእንዲህ ያለ ለምለም መስክ ላይ ነበርና ስሙ ለሸንጎው ተላለፈ፤ ዛሬ የኦሮሚያ ምክር ቤት «ጨፌ» የሚባለው ከዚያ የተነሣ ነው። ክረምቱ አልፎ ብራ ሲሆን እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ መልካ ወርዶ ፈጣሪን የማመስገን የኢሬቻ ሥርዓትም በዚሁ ወቅት የሚፈጸም ነው። በአዲስ አበባም ቢሆን ለበዓል ቡና የምንጎዘጉዘው ቄጠማ የሚበቅለው በእንዲህ ያለ ውሃ ገብ ቦታ ነው። የጨፌን ስም ሳናነሣ ጨፌን በየሳሎናችን አንጥፈን እንኖራለን።

ወደ ተጻፈው ታሪክ እንለፍ። የደጋችንን የውሃ ወፎች በአውሮፓ የሳይንስ መዝገብ ካስገቡት ቀደምት ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1831 እስከ 1834 በአገራችን በተለይም በሰሜኑ ክፍል ተዘዋውሮ ነበር። ከጉሮሮዋ ሥር ቀጭን ሥጋ የምታንጠለጥለውንና ስትበር ጩኸቷ አገር የሚያውከውን ወፍ በ1837፣ ክንፏ ሰማያዊ የሆነውን የደጋ ዝይ ደግሞ በ1845 ሳይንሳዊ ስም የሰጣቸው እሱ ነው። ወፎቹ ስም ያጡ ይመስል! የአገሩ እረኛ ከጥንት ጀምሮ በየቋንቋው ሲጠራቸው ኖሯል፤ የጎደለው መዝገብ ነበር።

የእኛዋ ትንሽ ወፍ ግን በመጀመሪያ የተጻፈችው በአገሯ ሳይሆን በሩቅ ነው። ቶማስ ኤይርስ የተባለ ሰው በደቡብ አፍሪካ ያገኛትን ወፍ እንግሊዛዊው ጆን ሄንሪ ገርኒ እ.ኤ.አ. በ1877 ገልጾ በኤይርስ ስም ሰየማት። በእንግሊዝኛ «ዋይት ዊንግድ ፍላፍቴል» ትባላለች፤ በእኛ አፍ ነጭ ክንፏ ብንላት ይበቃል። ከድንቢጥ ብዙም የማትበልጥ፣ ክብደቷ ከ30 ግራም ገደማ የማያልፍ፣ ከመብረር ይልቅ በሣር ሥር መሮጥ የምትመርጥ ፍጥረት ናት። ድንገት ከእግር ሥር ስትነሣ ብቻ በክንፏ ላይ ያለው ነጭ ብልጭ ይላል፤ ወዲያው ተመልሳ ሣር ውስጥ ትገባለች። አይቻታለሁ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያየው ያንን ብልጭታ ነው።

በዚያ ዘመን ወፍ ማየት ማለት ወፍ መግደል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 እና 1927 ከቺካጎ የመጣው የፊልድ ሙዚየም ጉዞ አባል የነበረው ታላቁ ሠዓሊ ሉዊ አጋሲ ፉርቴስ እንኳ ሥዕሎቹን የሚሠራው አዲስ ከተገደለው ወፍ ላይ፣ የዓይኑና የእግሩ ቀለም ሳይለወጥ ነበር። ፉርቴስ ወደ አገሩ በተመለሰ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በነሐሴ 1927፣ መኪናውን ባቡር ገጭቶት ሞተ። የኢትዮጵያ ሥዕሎቹ ግን ከአደጋው ተርፈው በ1930 ታተሙ።

ነጭ ክንፏን በአዲስ አበባ አቅራቢያ ካዩአት መካከል ጊቻርድ የተባለው ተመልካች ይገኝበታል፤ በ1940ዎቹ ከእንጦጦ ጀርባ ባለው የሱሉልታ ሜዳ ስላገኛት ወፍ በ1948 ጽፏል። ከ1950ዎቹ ማለቂያ በኋላ ግን ድምፅዋ ጠፋ። በ1966 የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1971 ኤሚል ኡርባንና ሌስሊ ብራውን የኢትዮጵያን አዕዋፍ ዝርዝር በመጽሐፍ አወጡ፤ አብዮት መጥቶ ሄደ፤ እሷ ግን አልታየችም። ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋ ዝምታ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ በሱሉልታ በኩል እንደገና ተገኘች። ያው ማኅበር በ1996 ለአዕዋፍ ታላቅ ጠቀሜታ ያላቸውን 69 ቦታዎች የያዘ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው አስርት ዓመት መጨረሻ ደግሞ በበርጋ ጨፌ ውስጥ ስትራባ ታየች።

እንግዲህ መጻሕፍቱ ይህንን «እንደገና መገኘት» ይሉታል። ለመሆኑ በዚያ ሁሉ ዘመን ወፏ የት ነበረች? ሰኔና ሐምሌ ሲገባ ጨፌው ውሃ ይሞላል፤ ሣሩና ቄጠማው ከፍ ሲል እሷ መጥታ ከውሃው ከፍ አድርጋ ጎጆዋን ትሠራለች፤ በሐምሌና በነሐሴ እንቁላል ጥላ ትፈለፍላለች። ክረምቱ ሲያበቃ ትሄዳለች። የመስቀል ወፍ በምትደምቅበት ወቅት እሷ ጨርሳለች። ከመስቀል ወፍ የቀደመች ወፍ ናት። ተመልካች ከከተማ የሚወጣው ደግሞ መንገዱ ሲደርቅና ሰማዩ ሲጠራ ነው። እሷ በጭቃው ወራት፣ እኛ በአበባው ወራት፤ ተላልፈን ነው የኖርነው።

በጭቃው ወራት ጨፌውን የሚያውቀው ገበሬው ብቻ ነው። ገበሬው ደግሞ በክረምት ከብቱን ከሣሩ የሚከለክለው ለወፍ ብሎ አይደለም። ሣሩ ያድግና በጥቅምትና በኅዳር ይታጨዳል፤ ከብቱ የበጋውን ወራት የሚሻገርበት ስንቅ ነው። የተረፈው ተሸጦ ለልጅ ደብተር ይሆናል። ነጭ ክንፏ በዚህ ክልከላ ሥር ተጠልላ ኖረች። ከብት በሐምሌ ቢገባ ጎጆዋ ይረገጥ ነበር፤ ሣሩ በነሐሴ ቢታጨድ ጫጩቷ ሜዳ ላይ ትቀር ነበር። የወፏ ዕድሜ የተንጠለጠለው በአንድ የሣር ቀጠሮ ላይ ነው።

ይህ ቀጠሮ ዘላለማዊ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ ዋና ከተማቸውን ወደ እጀሬ ለማዛወር አስበው ቦታውን አዲስ ዓለም ብለውት ነበር። አንዱ ምክንያት አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት ማጣቷ ነው። ባሕር ዛፍ ደረሰላትና አዲስ አበባ ዋና ከተማነቷን አጸናች፤ በአዲስ ዓለም ለቤተ መንግሥት የተመረጠውም ኮረብታ የማርያም ቤተ ክርስቲያን መቀመጫ ሆነ። ያ ባይሆን ኖሮ በበርጋ ዙሪያ ዛሬ ሣር ሳይሆን ሰፈር ባየን ነበር። ያዳነን ባሕር ዛፍ ግን ራሱ ውሃ ጠጪ ነው፤ ወደ ጨፌው ዳር በተጠጋ ቁጥር መስኩን ያደርቃል። በ1980ዎቹ በጊንጪ የተካሄደው የመረሬ አፈር ምርምር ውሃን ከማሳ ላይ አንጣፎ እህል የሚዘራበትን ዘዴ ሲፈልግ የነበረውም ለተራበ ሕዝብ ብሎ ነው፤ ማን ይፈርድበታል? በኋላም በሆለታ አካባቢ የአበባ እርሻዎች ተስፋፉ። የሱሉልታ ሜዳ ብዙው ቦታ ዛሬ በግንባታ ተይዟል። ጨፌ ጠላት የለውም፤ ያለው ተሻሚ ነው።

በበርጋ ይህንን የተረዱ ሰዎች መልካም ነገር ሠርተዋል። የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበሩ ከአካባቢው ነዋሪ ጋር የወፏን ወዳጆች ቡድን አቋቋመ። ወፏ በምትገኝበት በደቡብ አፍሪካው የሚደልፑንት ረግረግ ስም የተቋቋመው ድርጅት በሰጠው ድጋፍም በበርጋ ትምህርት ቤት ተሠራ። ነገሩ ልብ ይነካል። የአንዲት ወፍ ሁለት መኖሪያዎች፣ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተራርቀው፣ በእሷ ምክንያት ተዋወቁ። የዘር ምርመራም የሁለቱ አገር ወፎች የቅርብ ዘመዳሞች መሆናቸውን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2013 ወፏ እጅግ የከፋ የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው ፍጥረታት ተርታ ተመዘገበች፤ በዓለም ላይ ያሉት ለመራባት የደረሱ ወፎች ከ250 እንደማይበልጡ ይገመታል። በ2018 ደግሞ በሚደልፑንት በሣር ውስጥ የተቀመጡ ካሜራዎች ወፏ እዚያም እንደምትራባ አሳዩ። እስከዚያ ድረስ በዓለም ላይ መራቢያዋ የሚታወቀው በእኛ ደጋ ብቻ ነበር።

በዚያ የጥቅምት ቀን እኔ ያየሁት ሌሎቹን ነው። ክንፈ ሰማያዊው ዝይ ከጥንዱ ጋር ሆኖ፣ አንገቱን ወደ ጀርባው አስደግፎ፣ በታጨደው መስክ ላይ ይግጥ ነበር። ያቺ የሩፔል ወፍ በቡድን ሆና ጭቃውን በረጅም ማንቁርቷ ትወጋለች፤ የሆነ ነገር ሲያስደነግጣት ሁሉም በአንድነት ጮኸው ይነሣሉ። ሁለቱም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ መኖሪያ የላቸውም፤ ዝይዋማ የእኛ ብቻ ናት። በከብቶቹ እግር ሥር ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የመጡ፣ ሆዳቸው ቢጫ፣ ጅራታቸው የማያርፍ ትንንሽ ወፎች ይሯሯጡ ነበር። ለእነሱ የእኛ መጸው የመድረሻ ወር ነው። አንዷ የለቀቀችውን ቤት ሌላው ሲገባበት እንደማየት ነው።

አዛውንቱ ክምራቸውን ጨርሰው ጋቢያቸውን አጣፉ። ስሰናበታቸው «በሐምሌ ና፤ ጫማህን ግን ቤት ተወው» አሉኝ። ሁለታችንም ሣቅን።

በሐምሌ ለመሄድ አስቤ ተውኩት። በዚያ ወር ጨፌው ውስጥ የሚገባ እግር፣ የከብት ይሁን የተመልካች፣ ለጎጆዋ ያው እግር ነውና። ብልጭታውን ሳላይ ብቀርም ግድ የለም። ወፏን ካልጻፉላት ሰዎች መሐል አንዱን ማየቴ ይበቃኛል። አንባቢ ሆይ፤ ለመጪው በዓል ቄጠማ ስትጎዘጉዝ ይህንን አስብ። ያ እርጥብ ሣር የአንዲት ወፍ ቤት ቁራጭ ሊሆን ይችላል። ቤቷ የሚጸናውም በሐምሌ ዝናብ ውስጥ ከብቱን ከመስኩ የሚመልስ አንድ ሰው እስካለ ድረስ ነው። እኚያን ሰው የሣሩ ዋጋ ሲያዋጣቸው ወፏም ትኖራለች፤ ሣሩ ካላዋጣቸው፣ የመጻሕፍቱ ሁሉ ክብር ጎጆ አይሠራላትም።