ቀዳዳ የመብሳት ታሪክ፣ እና እናቴ ቤት የሰቀልኩት መደርደሪያ

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ባለፈው "ለቤት የሚሆን የባትሪ ድሪል የቱ ይሻላል?" ብዬ እዚሁ ስጠይቅ ግማሻችሁ መከራችሁኝ፣ ግማሻችሁ ደግሞ "የታሪክ አስተማሪ ድሪል ምን ያደርግለታል፣ ጠመኔ አይበቃውም ወይ?" ብላችሁ ሳቃችሁብኝ። ይኸው መልሴን ይዤ መጣሁ። ያው ልማድ ሆኖብኝ ከታሪክ እጀምራለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከ1998 ክረምት ነው። የፎገራ ሰው ያን ክረምት አይረሳውም። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሐይቅ አደረጉት። እኛ ቤት ውሃው የገባው ሌሊት ነው። አባቴ እኛንና ከብቱን ሲያወጣ ሳጥኑ መሬት ላይ ቀረ። ሳጥኑ ውስጥ የመሬት ይዞታ ደብተሩ፣ የኔ የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ የሰርጋቸው ፎቶ ነበር። ደብተሩን በስንት ምልልስ አስተካከልነው። ፎቶው ግን ተላልጦ ነጭ ወረቀት ሆኖ ቀረ። አባቴ ካረፈ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ ዛሬ በእጃችን ያለው ፎቶው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም መታወቂያው ላይ የነበረው።

ከዚያ ወዲህ እማዬ ክረምት በመጣ ቁጥር ወረቀቶቿን በፌስታል ጠቅልላ ቆጥ ላይ ትወረውራለች። ቆጥ ላይ ደግሞ አይጥ አለ። ዘንድሮ "ከራስ በላይ የሚሆን ጠንካራ መደርደሪያ ልስቀልላት፣ የሶላሯን ባትሪም እዚያው ላውጣላት" ብዬ ተነሳሁ። ቤቱ ጭቃ ነው። ምሰሶና ማገሩ ሃያ ዓመት የደረቀ ባሕር ዛፍ ነው። የደረቀ ባሕር ዛፍ ላይ ትልቅ ምስማር መትታችሁ ታውቃላችሁ? ወይ ምስማሩ ይጎብጣል፣ ወይ እንጨቱ ጧ ብሎ ይሰነጠቃል። የእኔ ተሰነጠቀ። መጀመሪያ መበሳት ነበረበት። ከሰፈሩ ደግሞ መብራት የለም። የኤሌክትሪክ ገመድ ያለው ድሪል ብዋስ የት እሰካዋለሁ?

አባቴ ቢኖር ይስቅብኝ ነበር። እሱ ቀንበር ይሠራ ነበር፤ ለሽያጭ አይደለም፣ ለራሱና ለጎረቤት ነው። ማነቆ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚያወጣው በጋለ ብረት ነው። ዘንጉን ከሰል ውስጥ ቀብሮ እስኪቀላ ይጠብቅና እንጨቱ ላይ ይተክለዋል። ይጨሳል፣ ያወጣዋል፣ እንደገና ያግለዋል። አንድ ቀዳዳ ለማውጣት አምስት ስድስት ጊዜ መመላለስ ነው። ግን ልብ በሉ፣ እንጨቱ አይሰነጠቅም። ቀዳዳው ውስጥ ውስጡን ከስሎ ስለሚደድር ነቀዝም ቶሎ አይደፍረውም። ድሪል በማያውቀው ዘመን ችግሩ ተፈትቶ ነበር ማለት ነው።

ያን ዘንግ የሠራለት ቀጥቃጭ ታሪክ ግን ያሳፍራል። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መሮውን ሁሉ ከሱ እየወሰድን ማታ "ቡዳ ነው" ብለን ልጆቻችንን ከዓይኑ እንደብቃለን። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። እኔ በልጅነቴ፣ ከአዋጁ ከ90 ዓመት በኋላ፣ ድግስ ላይ ያ ሰው ለብቻው ተቀምጦ ሲበላ አይቻለሁ። አዋጁ ፎገራ አልደረሰም ልበል እንዴ?

ከአዋጁ በፊት ደግሞ ጋፋት አለላችሁ። ከወረታ ደብረ ታቦር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጋፋትም እዚያው አጠገቧ። አጼ ቴዎድሮስ ከባዝል አቅራቢያ ከሚገኘው የክሪሾና ተቋም የመጡትን እነ ዋልድማየርን "ወንጌሉ ይቆይ፣ መድፍ ሥሩልኝ" ብለው ያስቀመጧቸው እዚያ ነው። ሴባስቶፖል፣ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው መድፍ፣ እዚያ ቀልጦ ፈሰሰ። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ በየገደሉ መንገድ እየተቆረጠለት ለመቅደላ ተነሳ፤ ለመድረስ ወራት ፈጀበት። ሁልጊዜ ተማሪዎቼን የምጠይቃቸው ስለ መድፉ አይደለም። "ከመድፉ በኋላ ጋፋት ምን ሆነች?" ነው የምላቸው። ንጉሡ ሲሄዱ ሥራውም አብሮ ሄደ። የማቅለጫ ቦታው ወደ ወርክሾፕ፣ ወርክሾፑ ወደ ትምህርት ቤት አላደገም። ጋፋት ላይ እጃቸውን ያፍታቱ የአገር ልጆች ተተኪ ሳያፈሩ ቀሩ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ የእጅ መሣሪያው ከውጭ መጣ፣ ስሙንም ይዞ መጣ። ወረታ ገበያ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ገብታችሁ አዳምጡ፦ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ላሜራ። ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። የድሪሉን ጫፍ "ፑንታ" የምንለውም ከዚያው ነው፤ በነሱ ቋንቋ "ጫፍ" ማለት ነው። ከ1928 እስከ 1933 አምስት ዓመት ቆዩ፣ አባረርናቸው፣ ቃላቱ ግን ጋራዥ ውስጥ ተደብቀው ቀሩ። ግድግዳ ቀዳዳ ውስጥ የምትከቱት ያ ፕላስቲክ "ፊሸር" መባሉ ደግሞ ከሰው ስም ነው። አርቱር ፊሸር የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1958 የናይለኑን ዓይነት ፈለሰፈ። ባለሱቁን "የሰው ስም ነው እኮ" ብለው "መምህር፣ አሁን እውነት ስምንት ቁጥር ነው ወይስ አሥር ቁጥር የምትፈልገው?" አለኝ።

ወደ ማሽኑ እንለፍ። መሣሪያን እያሽከረከሩ መብሳት ጥንታዊ ነው። ግብፅ ውስጥ ሬክሚሬ በተባለው ሹም መቃብር ላይ አናጢዎች በደጋን ጠፍር እያዞሩ እንጨት ሲበሱ ተሥለዋል፤ ከ3,400 ዓመት በላይ ሆኖታል። የኤሌክትሪኩ ግን የትናንት ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 አርኖት እና ብሬን የሚባሉ ሁለት ሰዎች አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ላይ የፈጠራ መብት አወጡበት። በ1895 የሽቱትጋርቱ ፋይን በእጅ የሚያዘውን ሠራ። ዛሬ የምናውቀውን የሽጉጥ ቅርጽ፣ በጣት የሚሳብ ምላጭ ያለውን ያመጡት ብላክ እና ዴከር ናቸው፣ በ1910ዎቹ አጋማሽ። ሐሳቡን ከኮልት ሽጉጥ ነው የወሰዱት። አጼ ቴዎድሮስ ቢያዩት ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

ገመዱ የተቆረጠው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። የብላክ እና ዴከር የመጀመሪያው ባለባትሪ ድሪል ኒኬል ካድሚየም ባትሪ ነበረው። ጉልበቱ ደካማ ነው፣ ግን ገመድ የለውም። ገመድ በማይደርስበት ቦታ ቀዳዳ የሚፈልግ ማነው? ከእማዬ በፊት ናሳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 አፖሎ 15 ጨረቃ ላይ ሲያርፍ ጠፈርተኞቹ በባትሪ መሰርሰሪያ መሬቱን ወደ ውስጥ በስተው ናሙና ይዘው ተመልሰዋል። ከዚያ በኋላ ሶኒ በ1991 የሊትየም ባትሪ ለገበያ አቀረበ፣ ከ2005 ጀምሮ ደግሞ ትላልቆቹ አምራቾች ድሪል ውስጥ ከተቱት። የድሮው ባትሪ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ባዶ ይሆናል፤ የሊትየሙ ወራት ቆይቶም ያገለግላል። በዓመት አራት ቀዳዳ ለሚበሳ እንደኔ ዓይነት ሰው ይሄ ነው ዋናው ለውጥ።

እኛ ዘንድስ መቼ አስፈለገ? ጭቃ ቤት ድሪል አይፈልግም፣ ኩላቡ ገና ሲመረግ አብሮ ይተከላል። ድሪልን ወደ ወረታ ያመጣው በኔ ግምት ሩዝ ነው። በደርግ ጊዜ ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች ጅግና ላይ ሩዝ አስተዋወቁ፣ "ኤክስ ጅግና" የምንለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ውሃ የሚተኛበት፣ ለሌላ እህል የማይመች መሬት ገንዘብ አወጣ። ገንዘቡ ቆርቆሮ ሆነ፣ ቆርቆሮው ብሎኬት ሆነ፣ ብሎኬቱ ላይ ቴሌቪዥን መስቀል መጣ። ቴሌቪዥን ደግሞ በኩላብ አይሰቀልም።

እሺ፣ አሁን ግዢው። ከዓመት በፊት ተሞኝቼ ነበር። አንድ ሱቅ ውስጥ "88 ቮልት" የሚል ድሪል በርካሽ አገኘሁና ደስ ብሎኝ ይዤ ገባሁ። በሦስተኛው ሳምንት ሞተ። ባትሪውን ፈትቼ ስቆጥር ውስጡ አምስት ሴል ብቻ አለ። አንድ የሊትየም ሴል 3.6 ቮልት ገደማ ነው፣ ሙሉ ሲሆን 4.2። አምስቱ ሲባዛ 18፣ ሙሉ ሲሞላ 21 ቢሆን ነው። 88 ከየት መጣ? ከቀለም ቆርቆሮው ነው የመጣው! የሒሳብ አስተማሪው ጓደኛዬ እስከ ዛሬ "ሰማንያ ስምንት" እያለ ይጠራኛል።

በዚሁ ሒሳብ "18 ቮልት" እና "20 ቮልት" ተብለው የሚሸጡት አንድ ዓይነት ናቸው፣ በሁለቱ መካከል ገንዘብ እንዳትጨምሩ። 12 ቮልቱ ሦስት ሴል ነው፤ ቀላል ነው፣ ለቁም ሳጥንና ለእንጨት ይበቃል። ለደረቀ ባሕር ዛፍና ለብሎኬት ግን 18 ውሰዱ። ቀጥሎ አምፒር አወር የሚለውን እዩ። 2 ከሆነ፣ 18 በ2 ሲባዛ 36 ዋት አወር ነው፣ ለቤት ይበቃል። "6 አምፒር አወር" ተብሎ በእጃችሁ ስታነሱት ቅልል ካለ አትመኑት። አንድ ሴል 45 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ብዙ ኃይል ያለው ባትሪ በርከት ያለ ሴል ስላለው ይከብዳል። ሚዛን ውሸት አይችልም።

ብሎኬት ለመብሳት የመዶሻ ምልክት ያለውን ምረጡ። እንዳትሳሳቱ ግን፣ የኮንክሪት ኮለን በቤት ድሪል አይበሳም፣ ለዚያ ትልቁን ማሽን በቀን ተከራዩ። የኔ መመዘኛ የመጨረሻው ባትሪው ነው፦ ብቻውን ተለያይቶ ይሸጣል ወይ? የአንዱ ድርጅት ባትሪ ሌላው ላይ አይገባም። ማኪታና ቦሽ ጥሩ ናቸው፣ ለአስተማሪ ደመወዝ ግን ከባድ ነው፣ አስመስሎ የተሠራም ይበዛባቸዋል። እኔ ቶታልና ኢንግኮን አነጻጽሬ፣ ባሕር ዳር ላይ መለዋወጫ ባትሪው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ያየሁለትን ወሰድኩ፣ ከሁለት ባትሪ ጋር። የወር ደመወዜን ሊጨርሰው ምንም አልቀረውም። ሚስቴ ይሄን ስታነብ... ታውቃለች፣ ታውቃለች።

ቻርጅ ስታደርጉ መብራት ሲመላለስ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ስትተኙም ተሰክቶ አይደር።

ቅዳሜ ሁለቱንም ባትሪ ሞልቼ ሄድኩ። ጭቃውን በጣቴ እያንኳኳሁ ምሰሶውን ፈለግኩ፤ ባዶው ቦታ ድምፁ ይለያል። ከቡሎኑ ቀጠን ባለ ፑንታ መጀመሪያ በሳሁ፣ ከዚያ ቡሎኑን አሰርኩ። ስምንት ቀዳዳ ነው፣ አንድም አልተሰነጠቀ። የ1998ቱ ውሃ ግድግዳው ላይ የተወው ምልክት ስንት ጊዜ ተመርጎም ቦታውን እናውቀዋለን። መደርደሪያው ከዚያ በላይ አንድ ክንድ ተኩል ነው። እማዬ ዝም ብላ ስታየኝ ቆይታ "ልጄ፣ አባትህ ለዚች ቀዳዳ ግማሽ ቀን ያጨሰን ነበር" አለችና ፌስታሉን ፈትታ ወረቀቶቿን አንድ በአንድ አቀበለችኝ። መታወቂያው መጨረሻ ላይ ነበር። እሱን አልሰጠችኝም፤ ወንበር ላይ ወጥታ ራሷ አስቀመጠችው።