«አስክ» ስለሚለው የእንግሊዝኛ ቃልና ስለ ወንድሞቹ

እንግሊዝኛ የሚማር ሰው ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚያገኛቸው ቃሎች አንዱ «አስክ» የሚለው ነው። መምህራን ትርጕሙ «ጠየቀ» ማለት መሆኑን ያስረዱናል፤ እኛም በደብተራችን ጽፈን እናልፋለን። ትምህርቱ እየገፋ ሲሄድ ግን ይህ ትንሽ ቃል ብዙ ወንድሞች እንዳሉት እንረዳለን። «ኢንኳየር»፥ «ሪኩዌስት»፥ «ዲማንድ»፥ «ኩዌስችን»፥ «ኢንተሮጌት» የሚሉት ሁሉ በየመልካቸው መጠየቅ ማለት ናቸው። ለአንድ ሥራ ይህን ያህል ቃል ለምን አስፈለገ? መልሱ የሚገኘው ከሰዋስው ይልቅ ከታሪክ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ትርጕሙን እንመልከት። «አስክ» ያላወቁትን ነገር መጠየቅ ነው፤ የሚፈልጉትን መለመንም ነው፤ ሰውን ለምሳ መጥራትም ነው፤ ነጋዴ ለዕቃው ዋጋ ሲጠራም በዚሁ ቃል ይነገርለታል። የእኛ «ጠየቀ» ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። በአማርኛ የታመመ ይጠየቃል፤ የታሰረም ይጠየቃል። እንግሊዛዊ ግን የታመመ ወዳጁን ሊያይ መሄዱን በ«አስክ» አይገልጽም። ስለዚህ ቃልን በቃል ብቻ መተርጐም ያሳስታል።

«አስክ» የአንግሎችና የሳክሶኖች ቃል ነው። እነዚህ ሕዝቦች ከ5ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ባሕር ተሻግረው በብሪታንያ ሲሰፍሩ ቋንቋቸውን ይዘው መጡ። በ1066 ግን የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም በሄስቲንግስ ጦርነት ንጉሥ ሃሮልድን ድል ነሥቶ ዘውዱን ወሰደ። በ20 ዓመት ውስጥ ከታላላቆቹ የእንግሊዝ ባለርስቶች አብዛኞቹ ርስታቸውን አጡ፤ ምድራቸውም ለዊልያም ተከታዮች ተሰጠ። ከዚያ በኋላ አገሩ ጌታው ፈረንሳይኛ የሚናገርበት፥ ጸሐፊው በላቲን የሚጽፍበት፥ ገበሬው ግን በእንግሊዝኛ የሚኖርበት ሆነ።

በ1085 የገና በዓል ዊልያም በግሎስተር ከተማ ከመኳንንቱ ጋር መከረና አገሩ እንዲመረመር አዘዘ። በ1086 የንጉሡ መርማሪዎች በየግዛቱ ዞሩ። ከየመንደሩም ካህኑ፥ ሹሙና 6 ገበሬዎች እየማሉ እንዲመሰክሩ ይጠሩ ነበር። ይህ መሬት በንጉሥ ኤድዋርድ ዘመን የማን ነበር? ዛሬስ የማን ነው? ስንት ማረሻ፥ ስንት ወፍጮ አለው? ዋጋውስ ምን ያህል ነው? ተብለው ይጠየቃሉ። መልሱ በላቲን ተጽፎ «ዱምስዴይ» የተባለው መዝገብ ሆነ። ስሙ «የፍርድ ቀን» ማለት ነው፤ ከዚያ ቀን ፍርድ ማምለጥ እንደሌለ ሁሉ ከመዝገቡ ቃልም ማምለጥ የለም ሲሉ ነው። ገበሬው በገዛ አፉ የተናገረው በማያውቀው ቋንቋ ተጻፈ። እንዲህ ያለው በመሐላ የሚደረግ ምርመራ «ኢንኩዌስት» ይባላል፤ «ኢንኳየር»ም የዚሁ ቤተ ሰብ ነው።

ሌሎቹም ቃሎች በዚሁ በር ገቡ። «ኩዌስችን»ና «ሪኩዌስት» ከፈረንሳይኛ መጡ። «ኢንተሮጌት» ከላቲን የተወሰደ ሲሆን፥ ዛሬ ፖሊስ ተጠርጣሪን ሲመረምር የሚባለው እርሱ ነው። የ«ዲማንድ» ታሪክ ግን ከሁሉ ይልቅ ያስገርማል። በፈረንሳይኛ «ደማንዴ» ዛሬም ተራ መጠየቅ ነው። ወደ እንግሊዝ ሕግ በገባ ጊዜ ግን መብትን ይገባኛል ብሎ መጠየቅ ሆነ፤ ኋላም «ግድ ስጠኝ» እስከ ማለት ደረሰ። እንግዲህ ተማሪ በእንግሊዝኛ ማመልከቻ ሲጽፍ «ዲማንድ» ቢል ልመናው ትእዛዝ ይሆንበታል፤ «ሪኩዌስት» ቢል ግን ትሕትናው ይታወቅለታል።

በ1362 በንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛ ዘመን አንድ ታላቅ ሕግ ወጣ። ሕዝቡ ፈረንሳይኛ ስለማያውቅ በችሎት ለእርሱም ሆነ በእርሱ ላይ የሚነገረው አይገባውም፤ ስለዚህ ሙግቱ በእንግሊዝኛ ይሁን የሚል ነው። ሕጉ ራሱ ግን የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነበር፤ መዝገቡም በላቲን ቀረ። የፍርድ ቤት መዝገብ ለዘለቄታው በእንግሊዝኛ መጻፍ የጀመረው በ1733 ነው፤ ይኸውም ከዊልያም ድል 667 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

በዚያው በ14ኛው መቶ ዓመት የኖረው ታላቁ ባለቅኔ ቾሰር «አስክ» የሚለውን ቃል «አክስ» ብሎም ይጽፈው ነበር። ዛሬ በአሜሪካና በካሪቢያን ከሚኖሩት ጥቁር ሕዝቦች ብዙዎቹ «አክስ» ሲሉ ያልተማሩ ናቸው ብሎ የሚስቅ ሰው አለ። የሚስቀው ግን በጥንታዊ አነጋገር ነው።

በእኛም አገር ፍርድና መጠየቅ አብረው የኖሩ ናቸው። በቀድሞው ሙግት ባላጋራ ባላጋራውን «ተጠየቅ» እያለ ይረታው ነበር። ነገር ግን አገራችን የብዙ ቋንቋ አገር ስለሆነች፥ የሚጠየቀው ሁሉ የጠያቂውን ቋንቋ ያውቃል ማለት አይቻልም። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲቆምለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። በ1362 የተነሣውም ጉዳይ ይኸው ነበር፦ ያልገባውን ጥያቄ ሊመልስ የሚችል ማንም የለም።

ይህ ነገር እኛንም ተማሪዎችን ይነካል። በሁለተኛ ደረጃ የምንማረውና የምንፈተነው በእንግሊዝኛ ነው። ነገሩን እያወቀ ጥያቄው ሳይገባው ቀርቶ የሚወድቅ ጓደኛ እንዳለን ሁላችንም እናውቃለን። ሌላው እንዳይስቅበት ፈርቶም አይጠይቅም። አባቶቻችን «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ያልገባንን ቃል ሳናፍር እንጠይቅ፤ የሚጠይቀውን ጓደኛም አንሣቅበት። መምህራንና ወላጆችም ጥያቄያችንን እንደ ድፍረት ሳይሆን እንደ ትምህርት መጀመሪያ እንዲቈጥሩልን በትሕትና እንለምናለን፤ ይህም «ሪኩዌስት» እንጂ «ዲማንድ» አይደለም።