ሰባት ዓመት የተፈረደባትና ዕድሜ ልክ የተፈረደባት

ሴፕቴምበር 2 ቀን 1845 ታዝማኒያ የምትባል መርከብ 138 ሴት ግዞተኞችንና 35 ልጆቻቸውን ጭና፣ ደብሊን አጠገብ ካለው የኪንግስታውን ወደብ ተነሣች። (ዓመታቱን በሙሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ጉዞው ሦስት ወር ፈጀ። ዲሴምበር 3 ቀን ከአውስትራሊያ በስተደቡብ ባለችው ደሴት፣ ሆባርት ከተማ ደረሱ። ደሴቲቱ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ስትሆን ያኔ ቫን ዲመንስ ላንድ ትባል ነበር።

ከነዚያ ሴቶች መካከል የሁለቱን ነገር ላጫውታችሁ። ማርጋሬት በትለር በካርሎ አውራጃ ድንች ሰርቃ ሰባት ዓመት ግዞት የተፈረደባት ናት። ኢላይዛ ዴቪስ የመጣችው ከዊክሎ እስር ቤት ነው፤ የወለደችውን ሕፃን ገድላለች ተብላ ሞት ተፈርዶባት፣ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ ግዞት ተለውጦላታል። አንዷ በድንች፣ አንዷ በሰው ነፍስ። ሕጉ በሁለቱ መካከል የሰማይና የምድር ያህል ልዩነት አስቀምጧል። እኔ ግን ልዩነቱ ወረቀት ላይ የቀረ ይመስለኛል፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ የድንቹን ነገር። በዚያ ዘመን ከአየርላንድ ሕዝብ ሦስት ሚሊዮን የሚያህለው ከድንች በቀር ይህ ነው የሚባል ምግብ አልነበረውም። ድሃው ገበሬ የሚያመርተው እህል ለባለመሬቱ ኪራይ ይሄዳል፤ የቤተሰቡ ጉሮሮ የሚያድረው በድንች ነው። ድንች ደግሞ እንደ ጤፍ ወይም እንደ ገብስ ጎተራ ገብቶ አይከርምም። የአምናው ያልቃል፣ የዘንድሮው ገና አልደረሰም፤ በመካከል ያሉት ሁለትና ሦስት ወራት በየዓመቱ የረሃብ ወራት ነበሩ። ባል ለአጨዳ ወደ እንግሊዝ ይሻገራል፣ ሚስት በር ዘግታ ልጆቿን አስከትላ ማንም በማያውቃት ሰፈር ትለምናለች። ይህ እንግዲህ ደህና በሚባለው ዓመት ነው። መርከቧ በሄደችበት በዚያው በሴፕቴምበር ወር የድንች በሽታ አየርላንድ መግባቱ በጋዜጣ ወጣ፤ በተከታዮቹ ዓመታት አንድ ሚሊዮን የሚያህል ሰው በረሃብና ረሃቡ ባመጣው በሽታ አለቀ፣ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል ተሰደደ። ማርጋሬት የተፈረደባት ግን ከዚያ በፊት ነው። ለአንዲት ድሃ ሴት ድንች መስረቅ ባሕር ማዶ ለመጋዝ የሚያበቃ ወንጀል የነበረው ታላቁ ረሃብ ሳይገባ ነው።

ረሃቡ ከገባ በኋላማ ነገሩ ተገለበጠ። ሆን ብለው ቤት ወይም የእህል ክምር አቃጥለው፣ ግዞት ይፈረድብን ብለው ዳኛ ፊት የቀረቡ ሴቶች ነበሩ። ግዞት ቢያንስ የሚቀመስ ነገር አለውና። ቅጣት የተባለው ነገር ከነፃነት ሲሻል ማየት ምን ዓይነት ዘመን እንደሆነ ይነግረናል።

ስለ ኢላይዛ መጻፍ ይከብዳል። የሞተው ሕፃን ነውና ነገሩን ማቃለል አልፈልግም። ነገር ግን በ1838 ለአየርላንድ የወጣው የድሆች መረዳጃ ሕግ ከጋብቻ ውጭ የተወለደን ልጅ ቀለብ በእናቲቱ ላይ ብቻ ነው የጣለው፤ አባትየው አይጠየቅም ነበር። በሰው ቤት የምታገለግል ሴት አረገዘች ከተባለ ከሥራዋ ትባረራለች። የመልካም ጠባይ ምስክር ወረቀት ከሌላት ሌላ ቤት አይቀጥራትም። የሚቀራት በር የድሆች መጠለያው ነው፤ እዚያም ነውረኛ ተብላ ነው የምትገባው። እንዲህ ባለው ክስ ችሎት ፊት የምትቆመው ሴቲቱ ብቻ ናት።

በየአውራጃው የተፈረደባቸው ሴቶች ከመሳፈራቸው በፊት ደብሊን ወዳለው ግሬንጅጎርማን እስር ቤት ይሰበሰባሉ። ከ1836 ጀምሮ ለሴቶች ብቻ የተለየ እስር ቤት ነው። እዚያ ስፌትና አጠባ ይማራሉ። ትንንሽ ልጆቻቸውን ይዘው የሚሄዱ ነበሩ፤ ከፍ ከፍ ያሉት ልጆች ግን ብዙውን ጊዜ እዚያው ይቀራሉ።

ሆባርት ሲደርሱ ጸሐፊ ተቀምጦ ይመዘግባቸዋል። እኛ በማኅበራችን መዝገብ የአባሏን ስም፣ አድራሻና መዋጮ ነው የምንጽፈው። የሆባርቱ ጸሐፊ የጻፈው ቁመቷን፣ የዓይኗንና የጠጉሯን ቀለም፣ ጠባሳ ካለባት የቱ ጋ እንደሆነ፣ ማንበብና መጻፍ መቻሏን፣ ምን ሥራ እንደምታውቅ፣ ወንጀሏን በራሷ አንደበት ምን ብላ እንደተናገረች ነው። ዛሬ ስለነዚህ ሴቶች የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ሊቆጣጠራቸው ከተጻፈ መዝገብ ነው። የአውስትራሊያ ግዞተኞች መዛግብት በ2007 በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ውስጥ ገብተዋል።

በዚያን ጊዜ የሚደርሱ ሴቶች መጀመሪያ ወደ አንሰን ይወሰዳሉ። አንሰን በደርዌንት ወንዝ ላይ መልህቅ የጣለ አሮጌ የጦር መርከብ ነው፤ እስር ቤት አድርገውታል። ስድስት ወር እዚያ ከቆዩ በኋላ በትንሽ ደመወዝ ለቤት ሠራተኝነት ይቀጠራሉ። ያለ ፈቃድ ከወጣች፣ ለእመቤቷ ክፉ ከመለሰች ወይም ከጠጣች ካስኬድስ ወደሚባለው የሴቶች ፋብሪካ ትላካለች። ስሙ ፋብሪካ ይሁን እንጂ እስር ቤት ነው፤ ቀድሞ የአልኮል መጥመቂያ ነበር። ቅጣቱ ልብስ አጠባና ጨለማ ክፍል ነው። ከጋብቻ ውጭ ያረገዘችም ወደዚያው ነው። ወልዳ ልጇን ጡት እስክታስጥል ትቆይና፣ ከዚያ ማርገዟ ራሱ እንደ ጥፋት ተቆጥሮ የቅጣት ጊዜዋን ትጀምራለች። በሕፃናት ማቆያዎቹ ብዙ ልጆች አልቀዋል። ከሞት የተረፉትና ከአየርላንድ ከእናቶቻቸው ጋር የመጡት ኒው ታውን ወዳለው የወላጅ አልባዎች ትምህርት ቤት ይሰጣሉ። እናታቸው በሕይወት እያለች፣ እዚያው ከተማ ውስጥ በሌላ ሰው ቤት የሌላ ሰው ልጅ እያሳደገች።

አሁን ወደ ተውኩት ነገር ልመለስ። ማርጋሬት በሰባት ዓመቷ ነፃ ትወጣለች፤ ኢላይዛ ምሕረት ካላገኘች አትወጣም። ነገር ግን መንግሥት የመሄጃውን እንጂ የመመለሻውን አይከፍልም። ወንድ ከሆነ በመርከበኝነት ተቀጥሮ፣ በጉልበቱ ሠርቶ አገሩ ሊገባ ይችላል። ሴትን ማንም መርከበኛ አያደርጋትም፤ በገረድ ደመወዝ ደግሞ የዚያን ያህል መንገድ ተሳፍሮ መመለስ ዘበት ነው። ስለዚህ ሴት ሆና የተመለሰች እጅግ ጥቂት ናት። የሰባት ዓመቷም የዕድሜ ልኳም የምታገባው እዚያ፣ የምትወልደው እዚያ፣ የምትቀበረው እዚያ ነው። ለማግባትም የገዥውን ፈቃድ መጠየቅ ነበረባት። ፈቃዱን ማግኘት ብዙም አያስቸግርም፤ ቅኝ ግዛቱ ውስጥ ወንዱ ከሴቱ በብዙ እጅ ይበልጥ ስለነበር የሴቶቹ መምጣት ለመንግሥት የሚጠቅም ነገር ነበር። ዳኛው ይህን በፍርዱ ላይ አልጻፈውም።

ወደ ደሴቲቱ ግዞተኛ መላክ በ1853 ቆመ። በ1856 ደሴቲቱ ስሟን ለወጠች፤ ቫን ዲመንስ ላንድ ሲባል ሰው የሚያስበው ግዞተኛ ስለነበር። ቤተሰቦችም እንደዚያው አደረጉ። አያት በምን መርከብ እንደመጣች አይነሣም፤ ልጆች ሲጠይቁ ወሬ ይለወጣል። የልጅ ልጆች መዝገቡን ገልጠው በኩራት ማንበብ የጀመሩት በጣም ዘግይቶ ነው።

ክርስቲና ሄንሪ የምትባል የታዝማኒያ ሠዓሊ በተለያየ አገር ያሉ ሴቶችን አንድ ነገር ለምናለች። ወደ አውስትራሊያ የተጋዙት ሴቶች ቁጥር 25,566 ነው ተብሎ ተቆጥሯል፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ የራስ ቆብ በእጅ ይሰፋላቸው አለች። ንድፉ የተወሰደው በ1860ዎቹ ገረዶች ያደርጉት ከነበረው ቆብ ነው። ሰፊዋ አንዲት ሴት ትመርጥና ስሟንና የመጣችበትን መርከብ ስም በክር ትጠልፍበታለች።